እርማት፦ አራት ሞተር ማለት የበለጠ ትርፍ ጉልበት ማለት አይደለም

እዚህ ደጋግሞ የተነሳው ሐሳብ፣ ባለአራት ሞተር ጄት የበለጠ ትርፍ ጉልበት እንዳለውና ባለሁለቱ ግን ሲነሳ አንዱ ከጠፋበት እንደሚወድቅ የሚገልጽ ነው። በአክብሮት ላርመው፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

የመንገደኞች ጄት ፈቃድ የሚያገኘው፣ መነሳቱን ማቋረጥ ከማይቻልበት ፍጥነት በኋላ አንድ ሞተር ቢጠፋበት እንኳ በቀረው ኃይል ተነስቶ ከፍታ መያዝ እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። ባለአራቱ በዚህ ጊዜ የሚያጣው ሩቡን ሲሆን ባለሁለቱ ግን ግማሹን ስለሚያጣ፣ ሁለቱም ሞተሮች በደህና ሲሠሩ ብዙ ትርፍ ጉልበት እንዲኖረው ተደርጎ ይሠራል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ የአቪዬሽን ባለሥልጣናት በይፋ ከሚያወጡት የፈቃድ ሰነድ ላይ የሞተሮቹን ጠቅላላ ግፊት (አውሮፕላኑን ወደፊት የሚገፉበትን ኃይል) ለከፍተኛው የመነሻ ክብደት ያካፍል። ኤርባስ ኤ340-300 በአራት ሞተር 62 ቶን ያህል ግፊት ለ275 ቶን ክብደት፣ ማለትም 22 በመቶ ገደማ አለው፤ ቦይንግ 777-300ኢአር በሁለት ሞተር ብቻ 104 ቶን ያህል ለ351 ቶን፣ ማለትም 30 በመቶ ገደማ። (ኤ340-300 ከፍታ ለመያዝ በመዘግየቱ መታማቱ ያለ ምክንያት አይደለም።)

ስለዚህ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው፣ አየሩ ከሳሳበት ቦሌ በባለሁለት ሞተር መነሳትን የሚፈራ መንገደኛ ያለ ምክንያት ይጨነቃል፤ የሚፈቀደው የመነሻ ክብደት ለዕለቱ ሙቀትና ለቦታው ከፍታ የሚሰላው አንድ ሞተር ቢጠፋስ ተብሎ ነው።