ሻርፑን ገልብጣችሁ እዩት

ከሕንድ በሚመጣ የጥጥ ሻርፕ ላይ «በእጅ የተሸመነ» ብሎ መለጠፍ ምንም አያስወጣም። ሥራው የሞተር መሸመኛ ሲሆን ግን ይህ ማታለል ነው፤ የሸማኔውን ዋጋ የሚሰብረውም እሱ ነው።

በሕንዷ ጉጃራት ግዛት ውስጥ ካች በሚባለው አካባቢ ያለችውን የቡጆዲ መንደር እንውሰድ። ቫንካር የሚባለው ማኅበረሰብ ሸማኔዎች ከሚሠሩባቸው ጥጦች አንዱ ካላ ይባላል፤ በዝናብ ብቻ የሚበቅል አገር በቀል ጥጥ ነው። የጥጡ ጭረት (ቃጫው) አጭር ስለሆነ ድሩ ከመወጠሩ በፊት በስንዴ ዱቄት ሙቅ ይታሻል። ሙቁ ከቀጠነ ክሩ እየተፋቀ ይበጠሳል፣ ከወፈረ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ሻርፕ በየሳንቲ ሜትሩ 16 ድርና 16 ማግ ቢኖረው፣ 960 የድር ክሮች ካለቀው ድር ጫፍ ጋር አንድ በአንድ ይቀጠላሉ። መወርወሪያውም 3,200 ጊዜ ይወረወራል፤ የጌጡ ማግ ገና አልተቆጠረም። በዚህ ላይ ርካሽ ዋጋ ካያችሁ ጠይቁ።

ጀርባውን ገልብጡ። የቡጆዲ ሸማኔ የጌጡን ክር በጣቱ ያስገባና ጌጡ ሲያልቅ እዚያው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ጀርባው ከፊቱ ብዙም አይለይም። በሞተር ሥራ ግን ክሩ ከአንዱ ጌጥ ወደ ሌላው በጀርባ ተንጠልጥሎ ያልፋል፣ ወይም ተቆርጦ ጫፉ ይንጨባረራል። የነጠላ ጥለት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመለየት አይቸገርም፤ ቡጆዲም ብዙ ሸማኔ እንደኛው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ነው የሚሠራው።

ማጉ ጠርዙ ላይ ዞሮ መመለሱ ብቻውን አያስተማምንም። መወርወሪያ ያለው የሞተር መሸመኛም ማጉን አዙሮ ይመልሳል። ክርን ማቃጠልም ጥጥ መሆኑን እንጂ እንዴት እንደተሸመነ አይነግርም። ሕንድ በእጅ ለተሸመነ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የሃንድሉም ማርክ ምልክት ይረዳል፤ ግን ምልክት የሌለው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

እጅግ የሚያስቆጨው ጉድለትን «የእጅ ሥራ ምልክት ነው» ብሎ መሸጥ ነው። በጨርቁ ላይ አግድም የሚታይ የሳሳ መስመር የሚመጣው ሸማኔው ድሩን ለቆ እንደገና ሲወጥር ውጥረቱን ካላስተካከለ ነው። ጎበዝ ሸማኔ እንዲህ አይሠራም፤ በእሱ ስም ማመካኘትም ስድብ ነው። አስመጪዎች መንደሩን፣ የክሩን ዓይነትና በሳንቲ ሜትር ያለውን የድርና የማግ ብዛት ይጻፉልን። መጀመሪያ ሲታጠብ ሙቁ እንደሚለቅና ጨርቁ ጥቂት እንደሚኮማተርም ከሽያጩ በፊት ይንገሩን።