ለይተን ብናወጣም ጋሪው ላይ ይቀላቀላል
«ነዋሪው ቆሻሻ የማይለየው ግንዛቤ ስለሌለው ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። እስኪ አዲስ አበባ ውስጥ ሃይላንድ ዝም ብሎ የሚጥል ቤት አሳዩኝ! ቆራሌው እስኪመጣ በረንዳ ጥግ በጆንያ ይጠራቀማል። ጣሳውም፣ ብረቱም፣ አሮጌው ጫማም እንደዚያው። የመርካቶው ምናለሽ ተራ በምን የሚኖር ይመስላችኋል? ጣጣው ያለው እርጥቡ ላይ ነው። ከየቤታችን የሚወጣው አብዛኛው የጎመን ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ ነው። እኛ ሰፈር፣ አራት ኪሎ፣ አንዳንዶቻችን እርጥቡንና ደረቁን ለየብቻ እናወጣለን። ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበሩ ልጆች ግን ያላቸው አንድ ጋሪ ነው፤ ሁለቱንም እዚያው ይገለብጡታል። አተላ የጠጣ ካርቶን ማን ይገዛል? በልጆቹ አልፈርድም፣ ለይተው ቢጭኑ የሚጨምርላቸው የለም። ለእኛም የቆሻሻ ክፍያው ከውሃ ሂሳብ ጋር ስለሚመጣ፣ ለየህ አልለየህ ያው ነው። «ረጲ ማቃጠያ ተሠርቶ የለ እንዴ፣ መለየት ምን ያደርጋል?» ያልከው ወንድሜ፣ በነሐሴ 2010 የተመረቀው ያ ፋብሪካ ኃይል የሚያመነጨው ቆሻሻው ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ነው። እርጥብ ስትጨምርበት እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ሲያተን ይውላል። ለኤሌክትሪክ የሚተርፈው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። እኔን ብትጠይቁኝ ቀን መለየት ይቀላል፤ ማክሰኞ እርጥብ፣ ዓርብ ደረቅ ቢባል ያው ጋሪ ይበቃል። ከእርጥቡ ኮምፖስት ቢሠራ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የተተከለው ሣርና አበባ ይፈልገዋል።