የኤሌክትሪክ መኪናውን ወደነዋል፤ አሁን ይስተካከልልን

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ሲያስታውቅ፣ ክርክሩ ሁሉ መብራት ላይ ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ቻርጅ ማድረጊያ የለም፣ የሚችል ጋራዥ የለም። ያ ክርክር ዛሬም አላለቀም። እኔ ግን ለዛሬ እሱን ትቼ መኪናው ውስጥ ልግባ። ድሮ አንድ መኪና ያልተመቸው ሰው ሌላ ይገዛ ነበር። አሁን ከውጭ አዲስ ላስገባ ያለ ሰው ያለው አማራጭ ኤሌክትሪክ ነው። ምርጫው እንዲህ ሲጠብ የዲዛይን ጉድለት የአንድ ሰው ብስጭት መሆኑ ይቀራል። የሁላችንም ጉዳይ ይሆናል።

መጀመሪያ ግን ላመስግን። የማደያ ሰልፍ ቀርቶልኛል። የሞተር ዘይት ቅየራ የሚባል ነገር የለም። ዳገቱማ ሌላ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ግድ አይሰጠውም። እንጦጦን ሲወጣ ላየው ሰው፣ ለአዲስ አበባ ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

አልተሠራም። መንገዳችን ላይ ያሉት ብዙዎቹ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ቻይንኛ፣ የሚያናግራችሁ ድምፅ ቻይንኛ፣ ካርታው ደግሞ ሃያ ሁለት ሰፈርን የማያውቅ ነው። የምነዳትን መኪና ስም አልጠራም፤ የብዙዎቹ ጠባይ አንድ ነው።

ሐምሌ ነው እንበል። ቦሌ መንገድ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ አራት ሰው አለ፣ የፊት መስታወቱ በትንፋሽ ደፍኗል። በድሮዋ ቪትዝ ቢሆን እጅ በዳበሳ ሄዶ ማዞሪያዋን ያገኛታል፤ ዐይን ከመንገዱ አይነሳም። እዚህ ግን መጀመሪያ ስክሪኑን መንካት፣ ከዚያ የአየር ማስተካከያውን ምልክት መፈለግ፣ ከዚያ የሚከፈተውን ገጽ ማንበብ ነው። ሦስት የሚመሳሰሉ ሥዕሎች ይደረደራሉ። አንዱ እግር ላይ ይነፋል፣ አንዱ ፊት ላይ፣ አንዱ መስታወት ላይ። ከሥዕሎቹ ሥር ያለው ጽሑፍ ለእኔ ጌጥ ነው። ይህን ስፈታ ፊቴ ያለው ሚኒባስ ወራጅ አለ ተብሎ ቀጥ ብሏል።

ይህ የሐበሻ ስሞታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቮልስዋገን አይዲ በሚላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ላይ የድምፅና የሙቀት ማስተካከያውን በጣት የሚዳሰስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ማታ የማይበራ ንጣፍ አድርጎት ነበር። ደንበኛው ተማረረ። በፈረንጆቹ 2025 የኩባንያው የዲዛይን ኃላፊ ለድምፅ፣ ለግራና ለቀኝ ሙቀት፣ ለንፋሱና ለአደጋ ጊዜ መብራት እውነተኛ ቁልፍ እንደሚመለስ ተናገሩ። የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት ፈታሽ ተቋም ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጊዜ መብራት በእጅ የሚነካ የራሳቸው መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው በነጥብ አሰጣጡ ውስጥ አስገብቷል። እንግዲህ ጀርመኑም ከተማረረ እኔ ምን ልበል?

ቋንቋውን በተመለከተ የከተማችን ልጆች መፍትሔ አበጅተዋል። መኪናውን ትወስዳላችሁ፣ ላፕቶፕ ይሰካና እንግሊዝኛ ይሆንላችኋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ግማሹ ገጽ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ቻይንኛ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅም አይታወቅም። ለመሆኑ አማርኛ ለምን አይሆንም? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ አንድሮይድ ስልክ አማርኛ ይችላል፤ ከእነዚህ ስክሪኖች ብዙዎቹን ደግሞ ከሥር የሚያሠራቸው አንድሮይድ ነው። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። አፋን ኦሮሞና ትግርኛም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ስክሪኑ ላይ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቀርቶሃል የሚለው ቁጥር የሾፌሩን ዕንቅልፍ የሚወስነው እሱ ነው። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል የሚባለው ትንሽ የቻይና መኪና ትልቁን ባትሪ ይዞ ሲመጣ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ቁጥሩ የመጣው ሲኤልቲሲ ከሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። የመለኪያው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማ ጭንቅንቅ ላይ ብዙም አይዋሽም። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ መቶ ስትነዱ ግን ሌላ መኪና ይሆንባችኋል።

ዳገትና ቁልቁለቱ ደግሞ አለ። ከአዲስ አበባ አዳማ ወደ 650 ሜትር ቁልቁል ነው። ስትወርዱ መኪናው ራሱን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ አዳማ ስትደርሱ ቁጥሩ ብዙም ስላልቀነሰ ልባችሁ ይሞላል። ብዙዎቹ መኪኖች የሚገምቱት እስካሁን በበሉት ልክ ነው፣ ወይም ፐርሰንቱን በዚያ በፋብሪካው ቁጥር ያባዙታል። ፊት ለፊት ዳገት መኖሩን አያዩም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን 650 ሜትር መልሶ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ሜዳ ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ጉልበት ነው። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ደግሞ የሚያወርደውና የሚያወጣው ከዚህ እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ለኮምፒውተር ከባድ ነገር አይደለም። መኪናው የት እንዳለ በሳተላይት ያውቃል። የአገሪቱን ከፍታ የያዘ ካርታ ጭኖ፣ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቆ፣ ከዳገቱ በኋላ ስንት ፐርሰንት እንደሚቀረን ቢነግረን በቃ። በቁልቁለት አገር የተሠራ መኪና ቢሆን ኖሮ ይሄ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር የሚሆነው።

ተቀያሪ ጎማ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ብዙዎቹ ይዘውት አይመጡም። የኋላውን ክፍል ስትከፍቱ የምታገኙት ትንሽ የአየር መሙያና የጎማ ማጣበቂያ ፈሳሽ ነው። ክብደት ለመቀነስ፣ ቦታ ለመቆጠብ ይላሉ። ፈሳሹ ለምስማር ቀዳዳ ጥሩ ነው። የኮብልስቶን ስለት ወይም የተከፈተ ጉድጓድ ጠርዝ ጎማውን ከጎኑ ሲቀደው ግን አይረዳም። ጎሚስታውም ፈሳሹ ውስጥ የገባበትን ጎማ ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ እነዚህ መኪኖች ከእኩዮቻቸው ይከብዳሉ፤ ጎማውም ቶሎ ያልቃል፣ ልኩም በየሱቁ አይገኝም። ክሪክ ለማስገባትም ቦታውን ማወቅ ይጠይቃል፤ ወለሉ በሙሉ ባትሪ ነውና። የመኪናው ውዱ ክፍል እዚያ ሥር ተኝቶ፣ እኛ ደግሞ በየሰፈሩ ሰው በገዛ እጁ የሚቆልለው የፍጥነት መቀነሻ አለን። ሥሩን የሚሸፍን ጠንካራ ብረት ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው የሚሞትበት ጊዜ አለ። ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው፣ በሩን የሚከፍተው፣ ትልቁን ባትሪ ራሱን የሚያገናኘው የተለመደችዋ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ከደከመች 80 ፐርሰንት ይዛችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ትቆማላችሁ። የበሩ እጀታ ከአካሉ ጋር ተለጥፎ በኤሌክትሪክ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ውጭ ቀራችሁ ማለት ነው። በአደጋ ጊዜ ይህ ቀልድ አይደለም። ቻይና ራሷ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈት በር ግዴታ ታደርጋለች። እስከዚያ የተሠሩት ግን ወዴት ይሸጣሉ? ይህን የሚከታተል አካል ካለ ከአሁኑ ያስብበት።

ዝምታውንም ሳላነሳ አላልፍም። ተሳፋሪው ይወደዋል። እግረኛው ግን በየሰፈሩ አስፋልት ላይ የሚራመደው፣ የመኪናውን መምጣት በጆሮው እየሰማ ነው። አውሮፓ አዳዲሶቹ መኪኖች በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ ታስገድዳለች። እኛ ጋ ያለው አማራጭ ክላክስ ነው፤ ክላክስ ደግሞ ሰው ያስደነግጣል፣ ያሳድባልም።

ይህን ሁሉ ለማን ነው የምንናገረው? ቻይና ያለው ፋብሪካ አይሰማንም፤ ገበያችን ለእሱ ትንሽ ነው። እዚህ የሚገጣጥመው ግን ይሰማል። ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ተነሥቷል፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው ግን 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ አለ። መንግሥት ገቢውን የተወው እዚህ ሥራ እንዲፈጠር ብሎ ነው። እንግዲያው ገጣጣሚው በምላሹ የአማርኛ ስክሪን፣ ተቀያሪ ጎማና የሥር መሸፈኛ ቢያስገባ ውለታ አይባልም። ዋጋ ይጨምራል የሚል መልስ አይጠፋም። ቋንቋው አንዴ ተሠርቶ ለሁሉም መኪና የሚሆን ነው፤ የመስታወት ማጥሪያ ቁልፍ ስንት እንደሚያወጣ ደግሞ መርካቶ ይጠየቅ። ጎማው ይጨምራል፣ አልክድም። ግን የዚያን ጎማ ዋጋ የማይከፍል ገዢ ይኖራል ብዬ አላምንም፤ አስመጪዎቹ አሁንም ለብቻው እየሸጡት አይደለም እንዴ?