መጽሐፉን ላነበቡልን ሁሉ

ባለፈው እሑድ ወዳጄ ቤት ተሰብስበን «ዘ ኖትቡክ» የተባለውን ከመጽሐፍ የተሠራ የፍቅር ፊልም ልናይ ተቀመጥን። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የወጣውን። እኛ ስንቴ አይተነዋል፤ የወዳጄ አክስት ግን አላዩትም። ቡና ተፈላ፣ ፈንድሻ ቀረበ፣ መብራት ጠፋ (እኛው ነን ያጠፋነው)። የጎደለን መጽሐፉን ያነበበ ሰው ብቻ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ መጣ።

እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ሲኒማ ቤት ከኋላችን ባይቀመጡ፣ ፊልሙን ዝም ብለን አይተን ልንወጣ!

ገና ሲጀምር «መጽሐፉ ይበልጣል» አለ። አመሰገንን። የከተማው ስም ሲጠራ ሪሞቱን ነጥቆ አቆመው። «ሲብሩክ አይደለም! መጽሐፉ ላይ ኒው በርን ነው፤ ሰሜን ካሮላይና። እነዚህ ደቡብ ካሮላይና ወሰዱት።» የገዛ ቤታችን የፈረሰ ያህል አዘንን።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ያቺ ዝናብ። ልጅቷና ልጁ ዓመታት ተለያይተው፣ በስብሰው፣ ሊሳሳሙ ሲሉ አቆመው። «7 ዓመት አይደለም የተለያዩት። 14 ነው!» በጣቱ ቆጠረልን። ጣቱ ሲያልቅበት የእኔን ተዋሰ። ሰባቱን ዓመት ማን በላው? ኦዲተር እንኳ እንዲህ አይፈትሽም። አቦል ጠጣን። ጠብታው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ቶና ጠጣን። በረካ ሲቀዳም ገና ሰባቱ ዓመት አልተገኘም። ምስኪኑ ልጅ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል። 365 ደብዳቤ ጽፎ መልስ ያጣ ሰው፣ ደግሞ የእኛን ሰውዬ ይጠብቅ?

አክስትየው ቃል አልተናገሩም። እናታቸውን ስድስት ዓመት በመርሳት በሽታ አስታመው የቀበሩ ሴት ናቸው። ፊልሙ ላይ ሽማግሌው መርሳት ለያዛት አሮጊት ሲያነብላት፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። የእኛ ሰውዬ ጠጋ ብሎ «አሮጊቷ እኮ ራሷ ልጅቷ ናት። ፊልሙ ላይ አብረው ይሞታሉ፤ መጽሐፉ ላይ ግን አይሞቱም» አላቸው።

ይሄ ንባብ አይደለም። ብልግና ነው። ሰው የራሱን ሐዘን በጨለማ ሊያለቅስ ሲቀመጥ እንባውን ከዓይኑ መንጠቅ ምን ይባላል? መጽሐፍ ማንበብ ቢያንስ አፍን መዝጋት ካላስተማረ፣ ገጹ ለስኳር መጠቅለያ ይሁን!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ፊልሙ አለቀ፤ መብራት በራ። አክስትየው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ሁሉን ካወቅከው ምን ልታይ መጣህ?» አሉት።

ቅር አላለውም።

«መጽሐፉን ላውስዎት?» አላቸው።