የዓሣ ነባሪው ሚዜዎች

በሰው ሀብት እንደኛ የሚደሰት ሕዝብ የት ይገኛል? ምቀኞች ናቸው እያሉ ስማችንን ያጠፋሉ እንጂ ሐሰት ነው። ምቀኝነት ለጎረቤት ነው። ጎረቤት የቤቱን ቆርቆሮ ሲቀይር እንቅልፍ እናጣ ይሆናል፤ ስሙን የማናውቀው፣ አገሩን የማናውቀው፣ ሰው ይሁን ድርጅት እንኳ ያልለየነው ባለ ቢትኮይን አንድ ቢሊዮን ዶላር ከአንዱ ዋሌት (የኢንተርኔት ገንዘብ ቦርሳ) ወደ ሌላው ሲያዛውር ግን ደስታችን ልክ የለውም። በተለይ የከፈላት ፊ፣ የማስተላለፊያ ክፍያዋ ማለት ነው፣ ትንሽ ከሆነች።

ደብረ ማርቆስ አንዱ ጀበና ቡና ጋ ቁጭ በሉ፣ ወይም ባሕር ዳር ጣና ዳር። ብዙ አትጠብቁም። አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ "ወንድም ዓለም! ቢሊዮን ዶላር በስልሳ ስምንት ሳንቲም!" ይላል። ከዚያ ጭብጨባ ነው። ጣና ቆሮሶና አምባዛ እንጂ ዓሣ ነባሪ አይቶ አያውቅም፤ እነዚህ ልጆች ግን የትኛው ዓሣ ነባሪ በየትኛው ሌሊት እንደተገላበጠ ከነሰዓቱ ይነግሯችኋል። ብዙ ቢትኮይን የያዘውን ነው እንዲህ የሚሉት። ዌል አለርት የሚባለው ገጽ ትልልቅ ዝውውሮችን ይለጥፋል፣ የኛዎቹ ስክሪንሾት ያነሣሉ፣ ቴሌግራም ላይ ይበትናሉ። ይኼ ሁሉ ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ካርዳቸው። ሙሽራው የማያውቃቸው ሚዜዎች በሏቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ላይ የሞባይል ዳታ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በር ላይ ቆመው ያሟሉ ነበር።

ወሬው ደግሞ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ቢትፊኔክስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ 161,500 ቢትኮይን አንቀሳቅሷል። በጊዜው ዋጋ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ፊው 68 የአሜሪካ ሳንቲም። ገንዘቡ ለማን ሄደ ካላችሁ፣ ለራሱ ለቢትፊኔክስ። ጥቂቱን ለዕለት ሥራ ወደሚጠቀምበት ዋሌት አወጣ፣ የቀረውን መልሶ ወደ መጋዘኑ አስገባ። ሰውዬው ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ አዛወረ ማለት ነው። እኛ ጎጃም ላይ እልል አልን።

ከዚያ በፊት ሴፕቴምበር 2019 ላይ 94,504 ቢትኮይን በአንድ ጊዜ ተልኮ ነበር፤ እሱም ከቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ላኪው ግን ወደ 700 ዶላር ከፈለ። አቤት ሐዘን! "ምነው እንዲህ ተበላ፣ ከዚህ በጣም ባነሰ ይሄድለት አልነበር?" እያሉ ደረት የመቱ አሉ። ከቢሊየነሩ ላይ 700 ዶላር በከንቱ በመውጣቱ አንጀቱ የተላወሰ ወጣት፣ የራሱን የቤት ኪራይ የሁለት ወር ውዝፍ የረሳ ወጣት፣ ከወዴት ይመጣል ከዚህ አገር በቀር?

አንዱ ሚዜ ፍኖተ ሰላም ላይ በቆሎ ሸጠው ሻይ ሊጠጡ ለተቀመጡ ሽማግሌ ነገሩን ሲያስረዳ ሰማሁት።

"ማን ነው የላከው?" አሉት።

"አይታወቅም፣ አባባ።"

"ለማንስ ነው?"

"ብዙ ጊዜ ለራሱ ነው።"

"ለራሱ ከሆነማ ምኑን ላከው! ለአንተስ ስንት ደረሰህ?"

"ለእኔማ ምንም። ግን አባባ፣ ፊዋን አዩልኝ?"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩትና "እግዜር ያሽርህ ልጄ" ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ። የቴክኖሎጂ ዕውቀት ማነስ ነው።

ለነገሩ ፊው የሚያንስበት ምክንያት ምሥጢር የለውም። ቢትኮይን የሚያስከፍለው በገንዘቡ መጠን ሳይሆን የዝውውሩ መልእክት ብሎክ በሚባለው የመዝገብ ገጽ ውስጥ በሚይዘው ቦታ ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ የሚጭን ሚኒባስ ረዳት ኪስ አይፈትሽም፣ ወንበር ነው የሚቆጥር፤ ሚሊየነሩም ተማሪውም ለአንድ ወንበር እኩል ይከፍላሉ። ብሎክ በአማካይ በየዐሥር ደቂቃው አንድ ይዘጋል፣ ቦታው ውስን ነው፣ ብሎኩን በኮምፒውተር የሚዘጉት ማይነሮች ደግሞ ለቦታው ብዙ የከፈለውን ያስቀድማሉ። አለቀ። ቢሊዮኑ ለባለቤቱ እንጂ ለኔትወርኩ ምኑም አይደለም።

እንግዲህ የሚዜዎቹ ልብ ደግነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። 68 ሳንቲም ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር ላይ ምንም ነው። 5 ዶላር ለሚልክ ግን ያችው 68 ሳንቲም ከመቶ 13 በላይ ናት። ማለትም ርካሽነቱ የሃብታሙ ነው፣ ውድነቱ የእኛ። ይኼን እያወቁ ነው የሚያጨበጭቡት። ድሃ ሆኖ በእኩል ሒሳብ መክፈልን እንደ ክብር የሚቆጥር ሰው ካያችሁ፣ እሱ ነው።

ባስ ሲል ደግሞ እኩልም አይደለም። ቢሊየነሩ ገንዘቡን በአንድ ትልቅ ድርሻ ይዞት ከሆነ መልእክቱ አጭር ነው፣ ቦታ አይፈጅም። የኛ ልጅ ግን ዛሬ 3 ዶላር፣ በሳምንቱ 2 ዶላር እያለ ከሠላሳ ቦታ ሰብስቦ ከሆነ፣ ሲልክ ሠላሳዎቹም ፍርፋሪዎች አንድ በአንድ መልእክቱ ውስጥ መጻፍና መፈረም አለባቸው፤ በዚህ የተነሣ መልእክቱ ከዓሣ ነባሪው ከዐሥር እጥፍ በላይ ይረዝማል፣ ፊውም እንደዚያው። ልብ በሉ፣ መቶ ዶላር የማይሞላው ሰው ቢሊዮን ከላከው በላይ ይከፍላል! ይኼን ሲሰሙ "አዎ፣ ሲስተሙ ፌር ነው" ይላሉ። ጥርሳቸውን እንኳ ሳይነክሱ።

እርግጥ የኛ አገር ሰው ለመላላክ የሚጠቀመው በአብዛኛው ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረውን ዩኤስዲቲን ነው፣ ትሮን በሚባል ሌላ ኔትወርክ። እዚያም ቢሆን ፊው መጠን አያይም፤ አንድ ሁለት ዶላር ነው እንበል፣ 10 ዶላር ላክ 10 ሚሊዮን ላክ። ከዐሥር ላይ ሁለት ሲነሣ ስንት እንደሚቀር ለጎጃም ቆሎ ተማሪ አይነገርም።

ሐምስተሩን፣ ያን ስልክ እየነኩ ሳንቲም የሚሰበሰብበትን የቴሌግራም ጨዋታ፣ ታስታውሳላችሁ? በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከዳንግላ እስከ ሞጣ ወጣት ሁሉ ስልኩን በጣቱ ሲቀጠቅጥ ከርሞ ክፍያው የተለቀቀው መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት ነበር። አንዷ ሳንቲም ገበያ የወጣችው በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ። ብዙዎች ጥቂት ዶላር ደረሳቸው፣ ከእሷም ላይ የማውጫ ፊ ተነሣ። የዚያን ዕለት አንድም ሰው "ፊዋን አያችኋት?" ብሎ ሲጮህ አልሰማሁም። ደመራው ላይ በዝምታ ዞሩ።

ሌላም ዝም ያሉበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2024 ቢትኮይን ለማይነሮች በብሎክ የሚሰጠው አዲስ ሽልማት ወደ 3.125 ሲቀነስ፣ በዚያው ቀን ሩንስ የሚባል አዲስ ነገር ተጀምሮ ሰው ለቦታ ተጋፋ፤ የዕለቱ አማካይ ፊ ከ120 ዶላር በላይ ወጣ። 50 ዶላር ሊልክ የፈለገ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። ዓሣ ነባሪው ግን ምን ቸገረው? 120 ዶላር ለእሱ የጥርስ መፋቂያ ናት።

በ2023 ሴፕቴምበር ደግሞ ፓክሶስ የሚባል ኩባንያ 2,000 ዶላር ያህል ሊልክ ብሎ በሶፍትዌር ስህተት ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ፊ ከፈለ። ብሎኩን የዘጋው የማይነሮች ቡድን፣ ኤፍቱፑል፣ መለሰለት። ይኼኔ ሚዜዎቹን እንባ ተናነቃቸው፣ "አየህ ሐቀኝነት!" ብለው። መልካም። ልጄ፣ አንተ 20 ዶላር በተሳሳተ አድራሻ የላክህ ዕለት ግን ማን እንደመለሰልህ ንገረኝ እስቲ።

የነዚሁ ሰዎች ሌላው ሞያ ቴሌብር ላይ ነው። ለእናቱ ብር ሲልክ የአገልግሎት ክፍያዋን አይቶ "ይኼ ዘረፋ ነው!" ይላል። አክስቱ ለሠርግ መዋጮ ላክ ስትለው "ከነሰርቪስ ቻርጁ ነው ወይስ ያለሱ?" ብሎ ግማሽ ቀን ይከራከራል። በእቁቡ ላይ አምስት ብር ጎደለ ተብሎ ሰብሳቢውን ያሳጣል። ማታ ሲሆን ግን ስልኩን ይከፍትና ለባዕድ ቢሊየነር ስለቀለለው ወጪ ፈጣሪውን ያመሰግናል።

አንድ ነገር እውነት ነው፣ አልደብቅም። ውጭ ያለ ዘመድ 200 ዶላር ሲልክ የዓለም ባንክ እንደሚለው በአማካይ ከመቶ ስድስት በላይ ይቆረጥበታል። ያ ያናድዳል፣ ክሪፕቶው ከዚያ ሊቀንስ ይችላል። ግን ዩኤስዲቲው ቡሬ ስልክህ ላይ ሲገባ በርበሬ አይገዛም። በፒቱፒ፣ ማለትም ሰው ለሰው በሚሸጥበት ገበያ፣ ገዢ መፈለግ አለ፣ ገዢው በራሱ ዋጋ ነው የሚቆርጠው፣ መሃል ደላላ ካለም ድርሻውን ያነሣል፣ አጭበርባሪ ከገጠመህ ደግሞ ሁሉንም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያለው ግብይት ሕጋዊ አይደለም፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ስክሪንሾቱ ላይ ይኼ አይጻፍም። ስክሪንሾቱ ላይ 68 ሳንቲም ብቻ ነው ያለው።

ደግሞ የማንረሳው ውለታ አለ። አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሣል፣ ጎጃምን ዞሮ ጉባ ላይ ተርባይን ይመታል። ከአገሪቱ ኃይል የተወሰነውን ቢትኮይን ማይነሮች በውጭ ምንዛሪ ሲገዙ ቆይተዋል። ስለዚህ የዓሣ ነባሪውን ዝውውር ያሸገው ማሽን በአባይ መብራት የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ይኼን ዜና ያበሠረኝ ልጅ መብራት ጠፍቶበት ስልኩ 4 ፐርሰንት ላይ ነበር። ኩራቱ ግን ሙሉ ነበር።

እናም ባለፈው አንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጥሩ ሐሳብ ተነሣ። ለዓሣ ነባሪዎቹ የእንኳን ደስ ያላችሁ ባነር ይሠራ፣ ለዚህም እያንዳንዱ አባል 50 ብር ያዋጣ ተባለ። ሁሉም "አንደኛ!" ብሎ ተስማማ። የአውራ ጣት መዓት ወረደ። ከዚያ ገንዘብ ያዡ የቴሌብር ቁጥሩን ለጠፈና "ከነሰርቪስ ቻርጁ ላኩ" ብሎ ጻፈ። እስከ ማታ ስድስት ሰዓት ተሰዳደቡ፣ አምስት ሰው ከግሩፑ ወጣ፣ ባነሩ ቀረ።