ፈታኙን እንደ ተሳፋሪ አሳፍሩት

ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ የበረራ ፈተና ቀን የተቆረጠላቸው ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። "ፈታኙ ምን ይወዳል?" ሞተሩን የት አካባቢ ነው የሚያጠፋብህ? መንገድ የሚያስቀይርህ ወዴት ነው? በቃል የሚጠይቀው ከየትኛው ምዕራፍ ነው? በዚያ ሰው የተፈተነ ሁሉ ገና ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ይከበባል። ያለው ሁሉ ተጽፎ በስልክ ይዞራል። ከሳምንት በኋላ ዝርዝሩ እንደ ዳዊት ተሸምድዶ ታገኙታላችሁ።

ይህ ነገር አይጥመኝም። ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም። የሰው አመል ማወቅ ነውር የለውም፣ ጭንቀትም ያቀላል። የማይጥመኝ ሰልጣኙ ሳያውቀው የሚያደርገው ነገር ነው። ገና መሬት ላይ እያለ የአውሮፕላኑን አዛዥነት ቀኝ ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ፈታኝ አስረክቦ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚበረው ሰውየውን ለማስደሰት ነው። ፈተናው ግን ከምንም በላይ ማየት የሚፈልገው እዚያ ውስጥ አዛዡ ማን እንደሆነ ነው።

የግል አብራሪ ጓደኛውን ጭኖ ሊበር ይችላል፤ ስለበረረ ግን ደመወዝ አይቆረጥለትም። የንግድ ፈቃድ ያለው በሙያው ተቀጥሮ ይኖርበታል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ለዚህ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 18 ዓመት የሞላው፣ አንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት ያለውና 200 ሰዓት የበረረ ሰው ነው። ስልጠናው ከመነሻው ፈቃድ ባገኘ ሙሉ ኮርስ ከተሰጠ 150 ይበቃል። አሜሪካኖቹ በተለመደው መንገድ ለመጣ ሰው 250 ይላሉ። ኢካኦ ከሚጠይቀው ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 540 ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ ረጅም ጉዞ አለ። ተማሪው አዛዥ ሆኖ ይበረዋል፣ በመሃል ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ላይ ወርዶ ይቆማል።

እንግዲህ ለፈተና የቀረበ ሰው አዛዥነት አዲሱ አይደለም። ብዙ ሰዓት ብቻውን በርሯል። ጠፍቶ መንገዱን አግኝቷል፣ ደመና ዘግቶበት ተመልሷል። ቀኝ ወንበር ላይ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው ሲቀመጥ ነው ይህ ሁሉ የሚጠፋበት።

የአውሮፓውያኑ ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ተፈታኙ ሌላ አብራሪ ውስጥ እንደሌለ አድርጎ ይብረር ይላል። ፈታኙ ደኅንነት ካላስገደደው በቀር እጁን አያስገባም። መንገዱን ይመርጣል፣ ዕቅዱ ግን የተፈታኙ ነው። እቃውም ወረቀቱም ተሟልቶ መጫኑን ማረጋገጥ እንዲሁ።

ቁጥሮቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ እንቅልፍ የሚነሱትም እነሱ ናቸው። በአውሮፓው ሰንጠረዥ በመደበኛ በረራ ከፍታ ከ100 ጫማ በላይ ወደ ላይም ወደ ታችም አይዋዥቅም። አቅጣጫ 10 ዲግሪ፣ ለማረፍ ሲቃረቡ ፍጥነት 5 ኖት፤ አንድ ኖት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል፣ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞተር ጠፋ ሲባል ከፍታው ወደ 150 ጫማ፣ አቅጣጫው ወደ 15 ዲግሪ ይሰፋል። በአሜሪካው ፈተና ደግሞ ጋዙን ዘግቶ፣ 180 ዲግሪ ዞሮ፣ አስቀድሞ በጠቆሙት ነጥብ ላይ ወይም ከእሱ ወዲያ ባሉት 200 ጫማዎች ውስጥ ማሳረፍ አለ። 60 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከነጥቡ ወዲህ ከወረዱ ወድቀዋል። ይህን ሳምንት ሙሉ ሲለማመድ ፀጉሩን ያልነጨ ሰው አላውቅም።

ሰዎች የማያነቡት ግን ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ነው። የአውሮፓው ሰንጠረዥ የአየሩ መናወጥና የአውሮፕላኑ ጠባይ ታሳቢ ይደረጋል ይላል። አሜሪካኖቹ ለመውደቅ ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ሁለት ነገር ይጠቅሳሉ፤ ከልኩ በተደጋጋሚ መውጣት፣ እና ወጥቶ ቶሎ አለማረም። ቶሎ አለማረም የምትለዋን አስምሩባት። አንዴ ከልኩ ሾልኮ የወጣ የመለኪያ መርፌ ማንንም አይጥልም።

እኔን የጣለኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስቲፕ ተርን የሚሉት አለ፤ ክንፍ በደንብ ተጋድሞ ሙሉ ክብ መዞር። ግማሽ ላይ ስደርስ አፍንጫው ወረደብኝና 160 ጫማ ጠፋ። አየሁት፣ መለስኩት፣ ዙሩን በትክክለኛው አቅጣጫ ጨረስኩ። እጄ ጨረሰ ማለት ይሻላል። ልቤ እዚያው መሃል ላይ ቀርቶ ነበር። "በቃ ወደቅኩ፣ ለቤተሰብ ምን ልበል፣ የከፈልኩት ብር..." እያልኩ ነበር የምበረው። ፈታኙ በስተርጅና ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረጉ። ያቺን ጭረት አልረሳትም።

አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጋዙን እስከ መጨረሻው ሳቡና "ሞተርህ ጠፍቷል" አሉኝ። የምንበረው ሴስና 172 ኤስ ነበር። ፍጥነቴን ወደ 68 ኖት አመጣሁ። በዚያ ፍጥነት አውሮፕላኗ ከእያንዳንዱ 1000 ጫማ ከፍታ አንድ ተኩል ኖቲካል ማይል ገደማ ትንሸራተታለች። ከሥሬ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ነበር። ሜዳው ዳር ጭስ ይነሳል፤ ጭሱ ወዴት እንደተኛ አላየሁም። ዓይኔ ያለው ደብተሩ ላይ ነዋ! ነፋሱን ከፊቴ ማድረግ ሲገባኝ ከኋላዬ አድርጌ ገባሁ። ሜዳው እየቀረበ መጣ፣ መጣና ከአፍንጫችን ሥር ገብቶ ጠፋ። 500 ጫማ ላይ "ጋዝ ስጥ፣ ውጣ" አሉኝ። በቃ።

መሬት ወርደን ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ዙሩ ጋ የጻፉት አንዲት ቃል ናት፤ "አረመው።" ያቺ ጭረት ለእኔ የተሰጠች ምስጋና ነበረች። እኔ እሷን ሳለቅስ ሜዳ አለፈኝ።

በአውሮፓው ዓይነት ደንብ ፈተናው በክፍል በክፍል ተከፍሎ ነው የሚታየው። አንድ ክፍል ብቻ የወደቀ ያንኑ ይደግማል፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ከሀ ጀምሮ ነው። እኔ ያንኑ አንዱን ደገምኩ። ስለ ሁለተኛው ቀን በኋላ እመለስበታለሁ።

ከአየሩ በፊት ጠረጴዛው አለ። ልጆች ይንቁታል። ሴስና 172 ኤስ አራት ወንበር አላት፤ አራት ጎልማሶችና ሙሉ ነዳጅ ሲደመሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተፈቀደው 1157 ኪሎ ይበልጣል። ፈታኙ ክብደቱን በኪሎ ይነግራችኋል፣ ቦርሳም ይጨምራል። የሚጠብቀው ስሌት ብቻ አይደለም። "ቦርሳው ይቅር" ወይም "ነዳጅ እንቀንስና መሃል ላይ እንሙላ" የሚል ሰው ነው የሚፈልገው።

ሌላም የሚወዷት ጥያቄ አለች። "አንድ ነጋዴ 'እከፍልሃለሁ፣ አንተው አውሮፕላን ፈልግና እኔንና ሁለት ሰው አድርሰን' ቢልህ ትሄዳለህ?" ፈቃዱን በእጁ ሊያስገባ አንድ ሐሙስ የቀረው ልጅ "አዎ፣ የንግድ ፈቃድ አለኝ እኮ" ይላል። ተሳሳተ። ፈቃዱ ተቀጥሮ እንዲበር ይፈቅድለታል፤ መንገደኛ እያስከፈሉ ማጓጓዝ የራሱ የድርጅት ፈቃድ አለው። እዚህ ላይ የተሳሳተ አብራሪ ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ነገ አንዱ ብልጥ መጥቶ ይጫወትበታል። ስለዚህ ከሁሉም የቃል ጥያቄ ይህችን ሁለት ጊዜ ቢጠይቁ አይከፋኝም።

ጠዋት የአየር ጠባዩ ካልሆነ ደግሞ "ዛሬ አንበርም" የሚለው ተፈታኙ ነው። ሰው ይህን ማለት ይፈራል። ወር ጠብቄ፣ አውሮፕላን ተከራይቼ፣ ሰውየው መጥተው እንዴት ልበል ይላል። በበቂ ምክንያት ያቋረጠ ሰው ያልጨረሳቸውን ክፍሎች ብቻ በሌላ ቀን ይፈተናል። ምክንያቱ የማያሳምን ከሆነ ነው ሁሉን የሚደግመው። እንዳይበሩ የሚከለክል ደመና እያዩ ለይሉኝታ መነሳት ግን ከየትኛውም የተበላሸ ማረፍ ይከፋል።

አሁን ወደምወዳት ቦታ ልምጣ፤ መንገድ መቀየር። በሰላም እየበረራችሁ ሳለ ፈታኙ ካርታው ላይ ጣቱን ያሳርፍና "ወደፊት ተዘግቷል፣ እዚህ ውሰደኝ" ይላል። በዚህች ደቂቃ ሰው ይገለጣል። አንዱ እርሳስ ይፈልጋል፣ እርሳሱ ይወድቅና ከወንበር ሥር ይንከባለላል። ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ክንፉ ይጋደማል፣ ከፍታው ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይቺ ናት። ሌላው መጀመሪያ አውሮፕላኑን ያረጋጋል። ያለበትን ቦታ ካርታው ላይ ይነካል፣ ሰዓቱን ይጽፋል። በግምት ወደ አዲሱ አቅጣጫ ይዞራል፤ ሂሳቡን ቀጥሎ ያስተካክላል።

ሂሳቡም ከባድ አይደለም። የተለመደው ካርታ 1 ለ500 ሺህ ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ሜትር ነው። የአውራ ጣታችሁን ጫፍ ርዝመት ቤት ለክታችሁ ብትመጡ ማስመሪያ አያስፈልጋችሁም። በ90 ኖት በደቂቃ አንድ ተኩል ኖቲካል ማይል ትሄዳላችሁ። 18 ማይል ከሆነ 12 ደቂቃ። ከዚያ ነፋሱን አይታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ትጨምራላችሁ ወይም ትቀንሳላችሁ። ነዳጁ እዚያ አድርሶ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ይተርፈዋል ወይ? ይህን ድምፅ አውጥቶ መናገር ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ፈታኙ የሰው ሐሳብ አያነብም። ዝም ብሎ በትክክል ያሰበና ዝም ብሎ የደነገጠ ሰው ከቀኝ ወንበር ሲታዩ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ለሰልጣኞች ብቻ አልሰጥም። እኛ አሰልጣኞች ወሬ እናበዛለን። "ከፍታ... ቀኝ እግር... ትሪም አድርግ... ፍጥነት..." እያልን እስከ መጨረሻዋ ቀን እንለፈልፋለን። (ትሪም መሪውን እጅ ሳይጫነው ባለበት የሚያቆይ ማስተካከያ ነው።) ልጁ ጆሮው ለእኛ ድምፅ ተገርቷል። በፈተናው ቀን ቀኝ ወንበር ጭጭ ሲል እንደ ቅጣት ይሰማዋል። ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት አራት በረራዎች አፋችንን ዘግተን መቀመጥ አለብን ባይ ነኝ። ከዚያም በላይ ተማሪው ከማያውቀው አሰልጣኝ ጋር አንድ ሙሉ የሙከራ ፈተና ይብረር። የማያውቀው ሰው ዝምታ ይከብዳል፤ መልመድ ያለበት እሱን ነው። ያ አሰልጣኝ በመሃል ወሬ ቢጀምር ደግሞ ጥሩ፤ መንገደኛ ያወራላ።

እኔም ለሁለተኛው ቀን የተለማመድኩት ይህንኑ ነው። ከሜዳ ምርጫ ሌላ ብዙም የጨመርኩት የእጅ ልምምድ የለም። ፈታኙ ያው ሰውዬ ነበሩ። ጠዋት ከየታንኩ ሥር ነዳጅ ቀድቼ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ዘረጋሁት። ሰማያዊ፣ ከሥሩ ውሃ የለም። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ዞሬ አላየኋቸውም። ሲገቡ ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰር፣ በሩ እንዴት እንደሚከፈት እንደማንኛውም ተሳፋሪ ነገርኳቸው። "ሌላ አውሮፕላን ካዩ ይንገሩኝ። እስክንነሳ ድረስ ግን ወሬ አናወራም፣ ይቅርታ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቼክሊስቱን ግማሽ አድርሼ ሳለ "ስማ፣ ያ ሎግቡክህ ላይ ያየሁት..." ብለው ጀመሩ።

"ይቅርታ፣ ከተነሳን በኋላ" አልኳቸውና ጣቴን ካቆመበት መስመር አስቀጠልኩ።

ዝም አሉ። ተነሳን። 3000 ጫማ ላይ አውሮፕላኑን አረጋግቼ፣ ትሪሙን አስተካክዬ፣ ግራና ቀኙን ቃኝቼ፣ "ቅድም የጠየቁኝ ምን ነበር?" አልኳቸው።

"እሱን ተወው" አሉኝ በመስኮት እያዩ። "የት ነው የምትወስደኝ?"