መጀመሪያ የሚቆመው ምንድን ነው?

በጆርጅ ስቱዋርት «ኧርዝ አባይድስ» ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1949) ወረርሽኝ የሰውን ዘር ከሞላ ጎደል ከጨረሰ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ቀን የቧንቧ ውሃ ይቋረጣል። እስከዚያ ቀን በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተረፉት ጥቂት ሰዎች ቧንቧ እየከፈቱ ሲጠጡ ኖረዋል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ያሳሰበው ሰው አልነበረም። ማጠራቀሚያው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ጠባቂ ባይኖረውም ቧንቧው ዝጎ እስኪበሳ ይፈስሳል። መብራቱም ከውሃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ ወዲያው አልጠፋም፤ ቆይቶ፣ ደብዝዞ ነው የጠፋው። ይህ መጽሐፍ በቅርበት ለሚያነበው የጥገና መጽሐፍ ነው። ማሽኑን ማን ዘይት ይቀባዋል? ተመልካች ያጣ ነገር ስንት ዓመት ይቆያል?

ኤምጂኤም ፕላስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ መጽሐፉን ዘመኑን ወደ ዛሬ አምጥቶ በ6 ክፍል አቀረበው። የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ በ6 ክፍል ሲታጨቅ ካሜራው የሚከተለው ፊትንና ጠብን ነው፤ ዝገት ደግሞ ትዕይንት አይሆንም። ቅሬታዬ ግን ከማሳጠሩ ላይ አይደለም፤ ማሳጠር የግድ ነው። የዛሬ የቴሌቪዥን ሥራዎች ዘመኑን ወይም አገሩን ሲቀይሩ ልብሱን፣ ስልኩንና መኪናውን ይቀይራሉ፤ «እዚህ ቦታ መጀመሪያ የሚቆመው ምንድን ነው?» የሚለውን ሒሳብ ግን እንደገና አይሠሩትም።

ሒሳቡን ሐረር ላይ እንሥራው። የከተማዋ ውሃ ለረጅም ጊዜ ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የሚመጣው። ሐይቁ በደለል እየተሞላ፣ ዙሪያውን ለጫትና ለአትክልት በሞተር እየተሳበ፣ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ደረቀ (በቅርብ ዓመታት መልሶ ውሃ ይዟል፤ ለፊልም ጸሐፊ ይህም ራሱ ታሪክ ነው)። መተኪያው በድሬዳዋ በኩል ካሉት የሐሰሊሶ ጥልቅ ጉድጓዶች በፓምፕ የሚገፋ ውሃ ሆነ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ በመካከል ያለው የደንገጎ ተራራ ከ2,000 ያልፋል። የሚገፋውን ከፍታ በግርድፉ 1,000 ሜትር እንበል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ያን ያህል ለማውጣት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ፓምፑ 70 በመቶ ውጤታማ ነው ብንል ወደ 4 ይጠጋል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ፍትጊያ ገና አልተቆጠረም። ይህ ከፍታ በአንድ ፓምፕ አይወጣም፤ በየደረጃው ጣቢያ ያስፈልጋል፣ አንዱ ጣቢያ ሲቆም ደግሞ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ይደርቃል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ወደ ላይ ሲሄድ የነበረው ውሃ ተመልሶ ይወርዳል፤ አንዱ ደረጃ 250 ሜትር ቢሆን የውሃው ዓምድ 25 ባር ያህል ግፊት አለው፤ ተመላሹን የሚዘጋው ቫልቭ ካረጀ ቧንቧው ይፈነዳል።

መብራቱስ? ኦፕሬተር የሌለው የኃይል መረብ ብዙ አይቆይም። የሚመነጨውና የሚፈጀው ኃይል ካልተመጣጠነ የመረቡ ድግግሞሽ ከ50 ኸርዝ ይርቃል፣ መከላከያዎቹም መስመሩን ይቆርጡታል፤ ግድቡ ሞልቶ ሳለ ከተማው ይጨልማል። ስለዚህ በስቱዋርት መጽሐፍ ከ20 ዓመት በኋላ የመጣው ቀን ሐረር ላይ የሚመጣው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ብቻ ይቀራል። ሙሉ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ለአምስት ሰው ቤተሰብ፣ በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ከሆነ 20 ቀን ይበቃል። በ21ኛው ቀን ሕዝቡ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቆፍሮ ውሃ ማውጣት የሚችሉት ከሁሉም ይበልጣሉ። ታሪኩ አቅጣጫውም፣ ጀግኖቹም ተቀየሩ፤ ያለ አንድ ክፉ ገጸ ባሕርይ እገዛ።

ቅደም ተከተል ሌላው ጉዳይ ነው። የስቲቨን ኪንግ ልብ ወለድ «ዘ ስታንድ» (እ.ኤ.አ. 1978) በሽታው ከወታደራዊ ጣቢያ አምልጦ ቴክሳስ ውስጥ ካለ አንድ ነዳጅ ማደያ እንዴት ከሰው ወደ ሰው እንደተላለፈ አንድ በአንድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከመጽሐፉ የተሠራው ባለ 9 ክፍል ተከታታይ ግን ከመጨረሻው በኩል ይጀምራል፦ የተረፉት በቦልደር ከተማ አስከሬን ሲያነሡ። ከዚያ ወዲህና ወዲያ ይዘላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈውን፣ ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬዳዋ ሰው የዚህ ጉድለት ወዲያው ይገባዋል። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ ታች ያለው አሸዋ ደረቅ ነበር፣ ሰውም ተኝቷል። ትረካውን ከጭቃው ከጀመርከው ተመልካቹ የሚያየው ሐዘን ነው፤ ምክንያቱን አያይም።

ለቢቢሲው የ2009 (እ.ኤ.አ.) «ትሪፊድስ» ግን ግማሽ ምስጋና ይገባዋል። በጆን ዊንደም መጽሐፍ (1951) ሰው ገዳዩን ተክል የሚያለማው ለዘይቱ ነው፤ መርዛማ ጅራፉ ካልተቆረጠ ዘይቱ የተሻለ ስለሚሆን እያወቁ ይተዉታል። የ2009ኙ ሥራ ዘይቱን በነዳጅ ምትክ አደረገው፤ ማለትም ሒሳቡን እንደገና ሠራው። ቀሪውን ሰዓት ለአንድ ወሮበላ መስጠቱ ነው ያበላሸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ተክል መፈልሰፍ አያስፈልግም። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ በዚህ ምሥራቅ ቆላ አፈር እንዲይዝና ጥላ እንዲሆን ታስቦ በሰው እጅ ነው የተተከለው፤ ከብትና ፍየል ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በፋንድያ በተኑት፣ አሁን እሾሁ የግጦሽ መሬት ዘግቷል። ክፉ ኩባንያም፣ ጅራታም ኮከብም አላስፈለገውም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ስለወጣው ዘመናዊው «የዓለማት ጦርነት» አጭር ነገር ይበቃል። በኤች. ጂ. ዌልስ መጽሐፍ (1898) ስንቅ ያልያዘ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ከለንደን ሲሸሽ መንገዱ እንዴት እንደሚታነቅ የሚያሳዩት ገጾች ከሁሉ የበለጡ ናቸው። የካናል ፕላስና የፎክስ ቴሌቪዥኖች ሥራ አብዛኛውን ሰው ገና በመጀመሪያው ክፍል በአንድ ሞገድ ገድሎ ስደቱን ዘለለው። ወጪ መቆጠብ ከሆነ ይገባኛል።

አንድ ቀን እዚህ እንዲህ ያለ ድራማ ለሚሠራ ሰው የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቤንዚን ተከማችቶ ሲቆይ በወራት ውስጥ ይበላሻል፤ በሁለተኛው ዓመት ባጃጅ እየነዳ የሚያሳድድ ሰው አይታመንም። ናፍጣ ትንሽ ይሻላል፣ ውሃ ከገባበት ግን ዝቃጭ ያበቅልና ፊልትሮ ይደፍናል። ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖዎች (ብረት መቅረጫ ማሽኖች) ለተረፈ ሰው ሀብት ናቸው፤ እነሱም መብራት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ጄኔሬተሩን ማን እንደያዘው ገና በመጀመሪያው ክፍል መታየት አለበት። አዲሱ የጂቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ከውሃው ጋር አብሮ ይቆማል። ጸሐፊው እንግዲያው አሮጌውን የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አውጥቶ በአዲሱ ሐዲድ ወደ ባሕር ሊልከው ይፈተናል። አይሄድለትም፤ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊሜትር ነው፣ የአዲሱ 1,435። ለገሀር አካባቢ ያደገ ልጅ ትዕይንቱን እዚያው ላይ ይስቅበታል።